ብርሃን ባክቴሪያን እንዴት ያያል? ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ዕትማችን፣ በውሃና በምግብ ውስጥ የሚገኙ ጎጂ ባክቴሪያዎችን በብርሃን አማካይነት የሚለዩ «ኦፕቲካል ባዮሴንሰር» የተባሉ መሣሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት እንደሚሰጡ የሚገልጽ አጭር ዜና አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች የደረሱን ሲሆን፣ አብዛኞቹ የተጻፉት ከጎጃም ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስ፣ እንደሚከተለው መልሰናል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የፊዚክስ መምህር

«ብርሃን በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ የሚነካ እንጂ የሚመርጥ አይደለም። ታዲያ መሣሪያው ጎጂውን ባክቴሪያ ከማይጎዳው፣ ባክቴሪያውንም ከአቧራው የሚለየው በምን ዘዴ ነው? ለተማሪዎቼ ላስረዳቸው እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ መምህር፣ ጥርጣሬዎ ትክክለኛ ነው፤ ብርሃን ራሱ አይመርጥም። የሚመርጠው ከብርሃኑ አስቀድሞ በመሣሪያው ላይ የተቀመጠ ሌላ አካል ነው። ማንኛውም ባዮሴንሰር ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ከሕያዋን የተገኘ ወይም እነርሱን አስመስሎ የተሠራ፣ አንድን የተወሰነ ነገር ብቻ የሚይዝ ለዪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለዪው የሚፈልገውን መያዙን ሊለካ ወደሚችል ምልክት የሚለውጥ ክፍል ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምሮ ግሉኮስን መለካት እንደሚቻል ሲያቀርብ ይህንኑ ጥምረት አስተዋወቀ፤ ዛሬ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጣታቸውን ወግተው ደማቸውን የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው። በዚያ መሣሪያ ላይ ምልክቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ በኦፕቲካል ባዮሴንሰር ግን ምልክቱ በብርሃኑ ቀለም፣ በድምቀቱ ወይም በሚንጸባረቅበት ማዕዘን ላይ የሚታይ ለውጥ ነው።

ለዪ ሆኖ በብዛት የሚያገለግለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሳልሞኔላ ለተባለው የምግብ መመረዝ አምጪ ባክቴሪያ የተዘጋጀ አንቲቦዲ በሳልሞኔላ ገጽ ላይ ካሉ ሞለኪውሎች ጋር ይጣበቃል፤ አቧራውን ይተዋል። ሆኖም የቅርብ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ስለሚኖሯቸው አልፎ አልፎ አንዱን በሌላው ፈንታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ደግሞ አፕታመር የሚባሉ፣ እጅግ ብዙ ከሆኑ የዲ.ኤን.ኤ. ወይም የአር.ኤን.ኤ. ቁርጥራጮች መካከል በላቦራቶሪ ተጣርተው የሚመረጡ ሞለኪውሎች ለዚሁ ሥራ ይውላሉ። በተለይ ከዲ.ኤን.ኤ. የተሠሩት ሙቀትን ከአንቲቦዲ በተሻለ ይችላሉ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መብራት እየተቆራረጠ በሚያስቸግርበት አካባቢ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁና ባክቴሪዮፋጅ የሚባሉ ቫይረሶችም ለዪ ሆነው ይሠራሉ፤ ስለ እነርሱ ከታች ለባሕር ዳር ዙሪያ በሰጠነው መልስ ላይ እንመለስበታለን።

ለዪው ባክቴሪያውን ከያዘ በኋላ የብርሃኑ ተራ ይሆናል። ቀላሉ መንገድ ቀለም ነው። በጥቂት አሥሮች ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚለኩ የወርቅ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ተበትነው ሲገኙ ውሃው ቢጫ ሳይሆን ቀይ ይመስላል፤ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው ሲጠጋጉ ወደ ሐምራዊና ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በጤና ኬላ የወባ ምርመራ ሲደረግ በመመርመሪያው ላይ ብቅ የሚለው ቀይ መስመር በአብዛኛው የእነዚህ ቅንጣቶች ቀለም ነው፤ ተማሪዎችዎ አይተውት ሊሆን ስለሚችል ትምህርቱን ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ይመስለናል። ሁለተኛው መንገድ ፍሎረሰንስ ነው፤ ለዪው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ይያያዝና በአጭር የሞገድ ርዝመት ሲበራ ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት መልሶ ያበራል፤ መሣሪያው የመጀመሪያውን ብርሃን በማጣሪያ ከልሎ ሁለተኛውን ብቻ ይቆጥራል።

ለፊዚክስ መምህር ይበልጥ የሚጥመው ግን ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም። በፕሪዝም አንድ ገጽ ላይ 50 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው የወርቅ ሽፋን ይደረጋል። ብርሃን በፕሪዝሙ ውስጥ አልፎ ሽፋኑን ሲመታ በብዙ ማዕዘኖች ላይ ይንጸባረቃል፤ በአንድ የተወሰነ ማዕዘን ላይ ግን ኃይሉ ወደ ወርቁ ኤሌክትሮኖች ስለሚተላለፍ የሚንጸባረቀው ብርሃን በድንገት ይደበዝዛል። ይህ ማዕዘን በወርቁ ማዶ ባለው ፈሳሽ የብርሃን ስብረት መጠን፣ ማለትም ፈሳሹ ብርሃንን በሚያጥፍበት ልክ፣ ስለሚወሰን፣ በወርቁ ላይ በተተከሉት አንቲቦዲዎች አንድ ነገር ሲያዝ ማዕዘኑ በጥቂቱ ይዛወራል፤ መሣሪያው የሚለካውም ያንን መዛወር ነው። ኦቶና ክሬችማን የተባሉ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በየፊናቸው ክስተቱን በፕሪዝም ማስነሳት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ፤ በስዊድን የሊንሾፒንግ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የሕይወታዊ ሞለኪውሎችን መያያዝ ለመለካት ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ ጥሩ ጥያቄ የሚሆን ነገር አለ። ብርሃኑ ከወርቁ ባሻገር በጉልሕ የሚደርሰው እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ግን ወደ 2,000 ናኖሜትር ይረዝማል፤ ከዚያም በላይ የሰውነቱ አብዛኛው ክፍል ውሃ ስለሆነ በዙሪያው ካለው ውሃ ብዙም የተለየ የስብረት መጠን የለውም። ስለዚህ ይህ ዘዴ ከባክቴሪያ በብዙ እጥፍ የሚያንሱ ሞለኪውሎችን በጥሩ ሁኔታ እየለካ፣ ሙሉውን ባክቴሪያ ለመለካት ሲቸገር ይታያል።

ከዳንግላ፣ የወተት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ

«በየማለዳው ከአባላት ወተት እንረከባለን። ላክቶሜትርና የአልኮል ምርመራ አለን። የተባለው መሣሪያ ቢገዛልን ወተቱን በርክክብ ላይ መርምረን በሽታ ያለበትን መመለስ እንችላለን?»

መልስ፦ የወተቱን አጠቃላይ ንጽሕና በርክክብ ላይ መመዘን ይቻላል፤ በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ እዚያው ለይቶ ወተቱን መመለስ ግን ዛሬም አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እናስረዳ፤ «በደቂቃዎች ውስጥ» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናልና።

እንደ ወባው መመርመሪያ በመስመር የሚነበቡት ቀላል መመርመሪያዎች ባክቴሪያን ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10,000 እስከ 1,000,000 የሚደርስ ብዛት ያስፈልጋቸዋል። በሌላ በኩል ኢ. ኮላይ ኦ157፡ኤች7 የተባለውና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ዝርያ ከ100 ባነሱ ሕዋሳት ሰውን ሊያሳምም ይችላል፤ ለሳልሞኔላም ቢሆን ብዙ አገሮች ለተዘጋጀ ምግብ ያወጡት መስፈርት በ25 ግራም ናሙና ውስጥ ፈጽሞ አለመገኘቱን የሚጠይቅ ነው። መሣሪያው ምልክት የሚሰጥበት መጠንና ሰውን የሚያሳምመው መጠን እንግዲህ በጣም የተራራቁ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር መሣሪያው የሚያየው የወተቱን ዕቃ ሙሉ ሳይሆን ጠብታውን ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ 100 ባክቴሪያ ቢኖር፣ ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ በሆነ ጠብታ ውስጥ አንዱ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ አንድ ነው። በኩንታል ነጭ ጤፍ ውስጥ ቀይ ጤፍ ተቀላቅሎ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቁንጥር ብቻ አንሥቶ እንደማየት ነው፤ የተመልካቹ ዓይን የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን በቁንጥሩ ውስጥ ያልገባውን ሊያይ አይችልም። በእኛ አስተያየት የዚህ ዘርፍ ዋናው ችግር ብርሃኑ አይደለም፤ ባክቴሪያውን ከብዙ ፈሳሽ ውስጥ ሰብስቦ ብርሃኑ ዘንድ ማድረስ ነው።

ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማብዛት ነው፤ ናሙናው ለባክቴሪያ በሚስማማ ምግብና ሙቀት ውስጥ ይቆያል። ኢ. ኮላይ በተመቸው ሁኔታ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ስለሚሆን፣ አንዱ ሃያ ጊዜ ሲታጠፍ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል፤ ይህ ሳይዘገይ ቢጀምር እንኳ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ በተግባር ባክቴሪያው አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ስለሚዘገይ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ «በ15 ደቂቃ ውጤት» የሚል መሣሪያ ከፊቱ የሌሊቱን ሙሉ የማብዛት ሥራ ደብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንገድ መሰብሰብ ነው፤ አንቲቦዲ የተለበጡ ጥቃቅን መግነጢሳዊ ቅንጣቶች ወተቱ ውስጥ ይጨመሩና ባክቴሪያውን ከያዙ በኋላ በማግኔት ወደ አንድ ጥግ ይሳባሉ፤ ወተቱ ይደፋል፤ የቀረው በጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ይመረመራል። ይህ ለወተት በተለይ ያስፈልጋል፤ የወተት ቅባት ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ፕሮቲኑም በመሣሪያው ገጽ ላይ እየተለጠፈ ባክቴሪያ የተያዘ ያስመስላል። በንጹሕ ውሃ ተሞክሮ አስደናቂ ውጤት የሰጠ መሣሪያ ወተት ሲቀርብለት የሚደናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስላላችሁ ምርመራም አንድ ነገር እንበል። ላክቶሜትሩ ውሃ መጨመሩን በክብደቱ ያሳውቃል፤ የአልኮል ምርመራው ደግሞ በዋናነት ወተቱ መኮምጠጥ መጀመሩን ይናገራል። ሁለቱም ስለ በሽታ አምጪ የሚሉት የለም፤ ትኩስና ጣፋጭ ወተት ብሩሴላ የተባለው ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ለብሩሴላ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት፣ በቀለበት የሚነበብ የወተት ምርመራ አለ፤ ቀለም የተቀባ የብሩሴላ ዝግጅት ወተቱ ላይ ይጨመራል፤ ላሟ በበሽታው ተይዛ በወተቷ ውስጥ አንቲቦዲ ካለ ቀለሙ ከቅባቱ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ቀለበት ይሠራል። ባክቴሪያውን ሳይሆን የላሟን አንቲቦዲ የሚፈልግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የተቀላቀለ የመንጋ ወተትን ለማጣራት ግን ጥሩ መነሻ ነው፤ ቀለበቱ ከታየም የእንስሳት ሐኪም ላሞቹን በደም ምርመራ ይለያል።

ለዕለት ሥራ በአነስተኛ ወጪ ልትጨምሩት የምትችሉት የሜቲሊን ብሉ ምርመራ ነው። ጥቂት ሰማያዊ ቀለም በወተቱ ላይ ተጨምሮ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ባክቴሪያው ሲበዛ ቀለሙን ቶሎ ያጠፋዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከነጣ ወተቱ በእጅጉ ተበክሏል፤ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ደኅና ነው። ውጤቱ ለዚያ ማለዳ ርክክብ አይደርስም፤ የየአባሉን ወተት በሳምንት ውስጥ እያፈራረቁ ቢመረምሩ ግን የማን ዕቃ በሚገባ እንደማይታጠብ በጊዜ ብዛት ይታወቃል። ዕቃን በወይራ ማጠን የባክቴሪያን ዕድገት ቢያዘገይም የመታጠቡን ቦታ አይተካም። በመጨረሻ የሸማቹን ጤና የሚጠብቀው ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ አሙቆ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው፤ ለማኅበሩ ገንዘብ ከተገኘ ከመመርመሪያው በፊት ለዚህ ቢውል እንመርጣለን።

ከመራዊ፣ ባለሱቅ

«በቴሌግራም የሚሸጥ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ገዝቻለሁ። ውሃ ውስጥ ሲነከር ወዲያው ቁጥር ያሳያል። ሻጩ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ውሃው ከጀርም ነፃ ነው ብሎኛል። የምንጩ ውሃ ከቧንቧው ያነሰ ቁጥር አሳየ። ምንጩ ይሻላል ማለት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ከገለጹልን ተነሥተን ስንገምት፣ የያዙት በውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎችን መጠን የሚገምት መለኪያ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ብረቶች በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይለካሉ፤ የሟሟ ጨው ሲበዛ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ብርሃንም አንቲቦዲም የለበትም፤ ባክቴሪያን የሚያይበት መንገድ ስለሌለው ባዮሴንሰር ሊባል አይችልም። ከተራራ የሚወርድ የምንጭ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ዝቅተኛ ቁጥር ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው፤ በላዩ ከብት ሲጠጣበትና እዳሪ ሲታጠብበት ቢውልም ቁጥሩ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው በክሎሪን የታከመ የጉድጓድ ውሃ ከፍ ያለ ቁጥር አሳይቶ ለመጠጥ ምንም የማይጎዳ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ለጨዋማነት ይጠቅማልና አይጣሉት፤ ስለ ጀርም ግን አይጠይቁት፤ ደንበኞችዎንም በዚህ ቁጥር ተነሥተው አይምከሩ።

ከባሕር ዳር ዙሪያ፣ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ

«የእጅ ፓምፕ ያለበት ጉድጓዳችን በክረምት ይደፈርሳል። በክሎሪን ይታከማል። የብርሃን መሣሪያ የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው ይለያልን? ከታከመ በኋላ ለመመርመር ይጠቅመናል?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ብዙ ጊዜ ከሚዘነጋ ነጥብ ላይ ያረፈ ነው። በአንቲቦዲ የሚሠራ መሣሪያ የባክቴሪያውን ገጽ እንጂ ሕይወቱን አያውቅም፤ ክሎሪን የገደለው ባክቴሪያ ገጹ ሳይፈርስ ስለሚቆይ ከሕያው ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሕክምናው ማግሥት «ባክቴሪያ አለ» ቢል ክሎሪኑ አልሠራም ማለት አይሆንም።

ሕያውን ለይተው የሚያውቁ ዘዴዎች በባክቴሪያው ሥራ ላይ የሚመሠረቱ ናቸው። ከላይ የጠቀስነው ባክቴሪዮፋጅ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የእሳት ትል ብርሃን የምትሰጥበትን ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን የተጨመረበት ፋጅ ወደ ባክቴሪያው ሲገባ፣ ባክቴሪያው ሕያው ከሆነ ኢንዛይሙን ያመርታል፤ አስፈላጊው ንጥረ ነገር ሲጨመርለትም ያበራል፤ ከሞተ አንዳች አያመርትም። ሌላውና በየላቦራቶሪው በስፋት የገባው ዘዴ፣ አብዛኛው ኢ. ኮላይ የሚያመርተውን ግሉኩሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጠቀማል፤ በናሙናው ላይ የሚጨመረው ንጥረ ነገር በዚህ ኢንዛይም ሲቆረጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ናሙናው በሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ያህል ስለሚቆይ የሚያድገው ሕያው ብቻ ነው፤ መቶ ሚሊ ሊትሩ በሙሉ ስለሚመረመርም ለዳንግላ አንባቢያችን ያነሣነው የጠብታ ችግር እዚህ የለም። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ከላይ የጠራነው ኦ157፡ኤች7 ብዙውን ጊዜ ይህ ኢንዛይም አይሠራለትም፤ ስለዚህም ሳያበራ ያልፋል። ለመጠጥ ውሃ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 የገለጸው ኢ. ኮላይ በጠቅላላው የሚፈለገው፣ መገኘቱ ውሃው ከሰው ወይም ከእንስሳ እዳሪ ጋር መነካካቱን ስለሚመሰክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በማንኛውም 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ እንዳይገኝ ይጠይቃል።

ምንም ነገር ሳይጨመርበት ወዲያው የሚያነብ መሣሪያም አለ። ትሪፕቶፋን የተባለው የፕሮቲን አካል በ280 ናኖሜትር ብርሃን ሲበራ በ350 ናኖሜትር አካባቢ መልሶ ያበራል፤ በእዳሪ የተበከለ ውሃ ይህን ብርሃን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ መለኪያ በሰከንዶች ውስጥ ጥርጣሬ ሊያጭር ይችላል። ብዙ ጉድጓዶችን በአንድ ቀን ዞሮ የትኛው ቅድሚያ ማግኘት እንዳለበት ለመለየት ይጠቅማል። ነገር ግን ባክቴሪያን በቀጥታ የሚቆጥር አይደለም፤ ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣው ቡናማ ነገር፣ የውሃው ሙቀትና ድፍርስነት ንባቡን ያዛቡታል፤ የእናንተ ጉድጓድ ደግሞ ምርመራ በሚያስፈልገው በክረምቱ ጊዜ የሚደፈርስ ነው።

ድፍርስነቱ ራሱ ዋና ጉዳይ መሆኑን ኮሚቴው ቢያስብበት እንወዳለን። በጭቃው ቅንጣት ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ክሎሪን አይደርሰውም፤ ጭቃውም ክሎሪኑን ይበላዋል። ድፍርስነት የሚለካው በብርሃን ነው፤ መሣሪያው ወደ ጎን የሚበተነውን ብርሃን ይቆጥራል። በውሃ ውስጥ የቀረው ክሎሪንም እንዲሁ በቀለም ይለካል፤ ዲ.ፒ.ዲ. የተባለው ክኒን ሲጨመርበት ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ የቀለሙ ጥልቀት መጠኑን ይናገራል። ክሎሪን ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን ከተገኘና ውሃው የጠራ ከሆነ፣ ባክቴሪያው መሞቱን ከብዙ ውድ ባዮሴንሰሮች በላይ ያረጋግጥላችኋል። ክሎሪንን የሚቋቋሙ እንደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ ተሕዋስያን ስላሉ ግን የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ማሸግ፣ የፈሰሰውን ውሃ ወደ ታች መቀልበስና ከብት እንዳይቀርብ ማጠር አይቀርም፤ በክረምት የሚደፈርስ ጉድጓድ ከላይ የሚሰርግ ጎርፍ እንዳለው ይመሰክራልና። ናሙና ስትወስዱም ከፓምፑ ብቻ ሳይሆን ከጥቂት ቤቶች ጀሪካንም ውሰዱ፤ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ በጀሪካኑ ውስጥ የሚበከልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእንጅባራ፣ የቤት እመቤት

«አገራችን ደጋ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይፈላል ይባላል። አፍልተን የምንጠጣ ከሆነ ምርመራው ለምን ያስፈልጋል? የተፈላውስ ጀርሙ ይሞታል?»

መልስ፦ ይሞታል። በእንጅባራ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ወተት በ72 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ከበሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንደሚጸዳ ካሰቡት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። አፍልተው ክዳን ባለው ዕቃ የሚያስቀምጡ ከሆነ ለቤትዎ ምርመራ አያስፈልግዎትም፤ ምርመራ የሚጠቅመው ማገዶ አጥቶ ወይም ሳያውቅ ሳያፈላ ለሚጠጣው ጎረቤት ሲባል ምንጩን ለመጠበቅ ነው።

ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«የመመረቂያ ሥራዬን በወርቅ ቅንጣቶች ቀለም ኢ. ኮላይን በሚለይና በስልክ ካሜራ በሚነበብ መሣሪያ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ በስልክ ካሜራ ማንበብ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን የስልኩ ሶፍትዌር ፎቶውን በራሱ ለማሳመር ብርሃኑንና ቀለሙን ስለሚለዋውጥ፣ ናሙናው ከውጭ ብርሃን በተከለለ ሣጥን ውስጥ፣ ቋሚ በሆነ መብራትና ከጎኑ በተቀመጠ የማነጻጸሪያ ቀለም ይነሣ። ከዚህ ይልቅ ትኩረትዎን በናሙናው ዝግጅት ላይ ቢያደርጉ እንመርጣለን። ቀለም የሚለውጥ አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ጽሑፍ ብዙ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በቀላል ማጣሪያና በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ወደ አንድ ሚሊ ሊትር የሚያመጣ፣ መብራት የማይፈልግ አሠራር ግን ብዙም አይታይም፤ መቶ እጥፍ የሚያጎላ ሥራ ነውና።

ሙከራዎን በተጣራ ውሃ ላይ ብቻ አይጨርሱ። የወርቅ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ጨው ብቻውን ስለሚያሰባስባቸው ባክቴሪያ ሳይኖርም ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ባክቴሪያ የሌለበት የቧንቧ፣ የጉድጓድና የጣና ውሃ ምን እንደሚያሳይ አስቀድመው ይወቁ፤ የጣናንም በመጋቢትና በነሐሴ ለየብቻ ይውሰዱ። እያንዳንዱን ናሙና ለሁለት ከፍለው ግማሹን በተለመደው መንገድ፣ ማለትም ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ አሳልፈው በ44 ዲግሪ ገደማ ከ18 እስከ 24 ሰዓት በማሳደግ ይቁጠሩት። የትኛው ናሙና የትኛው እንደሆነ ጓደኛዎ ብቻ ይወቅ፤ እርስዎ ቁጥሩን ብቻ ይዘው ያንብቡ። ሲጽፉም በትክክል የተገኙትን ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያ እያለባቸው «የለም» የተባሉትን ለይተው ያሳዩ፤ ውሃውን የሚጠጣውን ሰው የሚጎዳው ይኸኛው ስሕተት ነው። ለሙከራውም በሽታ አምጪውን ኦ157፡ኤች7 ሳይሆን በሽታ የማያመጣውን ኬ-12 የተባለ የላቦራቶሪ ዝርያ ይጠቀሙ፤ ለአንቲቦዲ ወይም ለአፕታመር ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊትም ያንን ዝርያ የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለኦ157 የተሠራ አንቲቦዲ ኬ-12ን አይይዝምና።